ፕላኑ የመቼ ነው?

ከአንባቢዎቻችን መካከል ምሕንድስና የምታጠኑ ወንድሞችና እኅቶች ነገሩን ገና ሳንጀምረው ታውቁታላችሁ፤ ሕግና ታሪክ የምታጠኑት ግን ጥቂት ታገሡን። ባለፈው መንፈቅ ሦስት ሆነን ለሥራ ልምምድ የተላክነው አንድ ባለ 4 ፎቅ ሕንፃ ወደሚሠራበት ስፍራ ነበር። የአሠሪውንም የአማካሪውንም ስም አንጠራም፤ ጥፋቱ በአብዛኛው የእኛ ነውና።

መቼም የአንድ ሕንፃ ፕላን አንድ ብቻ አይደለም። አርክቴክቱ ግድግዳውንና ደረጃውን ይነድፋል፤ የስትራክቸር መሐንዲሱ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ፉቲንጉንና ኮለኑን ያስቀምጣል፤ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ባለሙያዎችም ይከተላሉ። ቀድሞ ይህ ሁሉ ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ እየተደራረበ ይሠራ ነበር። በአውቶካድ ግን እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ «ኤክስሬፍ» የሚባል ዘዴ አለ። የአርክቴክቱ ፋይል በመሐንዲሱ ፋይል ውስጥ ይታያል እንጂ አይገለበጥም፤ የመሐንዲሱ ፋይል የሚይዘው የዚያኛውን አድራሻ ብቻ ነው። ስለዚህ አርክቴክቱ ደረጃውን ቢያሰፋ፥ መሐንዲሱ በማግሥቱ ፋይሉን ሲከፍት ደረጃው ሰፍቶ ይጠብቀዋል።

ክፋቱ አድራሻው ሲጠፋ ነው። እኛ ሥራችንን በፍላሽ ይዘን ከቢሮ ወደ ማደሪያችን እንመላለስ ነበር። ማታ ስንከፍተው ፕላኑ ሊታይ በሚገባው ስፍራ የፋይሉ አድራሻ ብቻ በጽሑፍ ተጋድሞ እናገኛለን። የአርክቴክቱን ፋይል ከእኛው ጋር በአንድ ማኅደር ይዘን፥ አድራሻውንም ከዚያው ማኅደር አንጻር ብንጽፈው በበቃን ነበር። ነገር ግን ተጣድፈናል። በማግሥቱ ቢሮ እንደ ገባን ከመካከላችን አንዱ (ማን እንደ ሆነ አንናገርም፤ ሦስታችንም አጨብጭበናል) «ባይንድ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠ። የአርክቴክቱ ፕላን በእኛ ፋይል ውስጥ ተሰፍቶ ቀረ። ማታ ማታ ሥራው ያለ ችግር ይከፈት ጀመር፤ እኛም ሠለጠንን አልን።

አርክቴክቱ ግን መለወጡን አላቆመም። ባለቤቱ ደረጃው ጠበበኝ ስላሉ፥ አክሲስ ሲ 40 ሳንቲ ሜትር ተገፋ። የእርሱ ወረቀት ሪቪዥን 5 ሲደርስ የእኛ የፉቲንግ ፕላን በሪቪዥን 2 ላይ እንደ ተመሠረተ ታትሞ ወደ ሳይት ወረደ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ስንደርስ በዚያ አክሲስ ላይ 4 ጉድጓዶች ተቈፍረው አልቀዋል። ሳይት ኢንጂነሩ የአርክቴክቱን አዲስ ፕላን ይዞ ቈፋሪዎቹን ይቈጣል፤ ሜትር ማንበብ አታውቁም፥ ለዳግመኛው ቁፋሮ አንድ ብር አትጠብቁ ይላቸዋል። ሰዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። እኛም ወረቀታችንን በብብታችን ይዘን ቆመናል። ነገሩ ወዲያው ገብቶናል፤ ግን አልተናገርንም። ስለ ውጤት ሪፖርታችን ነበር የምናስበው።

ፎርማኑ ሲባጎውን ዳግመኛ ወጥሮ ለካና ወደ እኛ መጣ።

«ልጆች፥ የእናንተ ወረቀት 4.80 ይላል፤ ይኼኛው 5.20። የቱን ልመን?»

«የእርሱን፥ ጋሼ» አልነው።

«ታዲያ ይኼን ለእኔ ነው ወይስ ለእነርሱ የምትነግሩት?»

ለኢንጂነሩ የነገርነው ከምሳ በኋላ ነው። ከጠዋት እስከ ምሳ ያለፈው ጊዜ እስካሁን ይከነክነናል። ኢንጂነሩ ተቈጥቶ ቢሮ ድረስ አስጠራን፤ ቈፋሪዎቹ ግን ቅዳሜ ለሁለቱም ቁፋሮ ተከፈላቸው።

ከዚያ ወዲህ የአርክቴክቱ ፋይል ስሙ አይለወጥም፤ ስሙ ከተለወጠ አድራሻው ይጠፋልና። «የመጨረሻ»፥ «የመጨረሻ 2»፥ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚባሉትን ፋይሎች (የመመረቂያ ጽሑፍ የጀመራችሁ ሁሉ ታውቋቸዋላችሁ) ቀን ጽፈን ወደ አሮጌው ማኅደር ሰደድናቸው። ባይንድ የምናደርገው ወጪ ለሆነው ሥራ ለመዝገብ የሚቀመጠውን ቅጂ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021ዱ አውቶካድ ጀምሮ ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ በኤክስሬፉ ላይ የተለወጠውን በቀለም ለይቶ ያሳያል። ይህ ሁሉ ግን ስክሪን ላይ ነው። በፎርማኑ ኪስ ውስጥ የታጠፈው ወረቀት አይታደስም፤ ሰው ሄዶ ከእጁ ካልተቀበለው በስተቀር እንደ ታጠፈ ይኖራል። ስለዚህ የተሰጡትን ወረቀቶች የምንጽፍበት አንድ ደብተር ገዛን፤ አዲስ ስንሰጥ አሮጌውን ተቀብለን እንቀዳለን። ደብተሩ ከአውቶካድ ይልቅ ጠቅሞናል ብንል ሐሰት አይሆንብንም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አርክቴክቱ አክሲስ ሲን 10 ሳንቲ ሜትር መልሶ ገፋው። እኛም ገና ሳይታተም ወደ ፎርማኑ ደወልን።