ቦክስ ፋይልና ክፍልፋይ

በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከቡልጋሪያ ማዞሪያ ገባ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ ዲፓርትመንት ኃላፊ ነበርኩ። ኢንስፔክሽን ሊመጣ ነው ሲባል የሰፈሩ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ገበያ ደራላቸው። የኢንስፔክሽኑ ስታንዳርዶች ያኔ 26 ነበሩ፤ ርዕሰ መምህራችንም ለእያንዳንዱ አንድ ቦክስ ፋይል ይዘጋጅ አሉ። የአንድ ለአምስት ቡድኖች ቃለ ጉባኤዎች የዓመቱ ሁሉ በአንድ ማታ ተጻፉ፤ ቀለሙ እንዳይመሳሰል እስክሪብቶ እየተለዋወጥን ፈረምን። ተቆልፎ የከረመው ቤተ መጻሕፍትም ተከፈተ።

የኢንስፔክሽኑ ነጥብ ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 ነበር የሚከፋፈለው። ድምሩ ከ50 ካነሰ ደረጃ 1፣ 70 ከሞላ ደረጃ 3 ይባል ነበር። ውጤት ከሚባለው ውስጥ ተማሪው ከክፍል ክፍል የማለፉ ጉዳይ ነበረ፤ የሚያልፍበት ማርክ ደግሞ ከእኛው እጅ የወጣ ነው። ለነገሩ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ያመጣው ልጁ የጎደለው በጊዜ ታይቶ እንዲሞላለት ነበር። ስድሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ግን ማርክ ሊስት መሙያ ሆኖ ቀረ።

ከመጡት ኢንስፔክተሮች አንዷ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ሰባተኛ ክፍል ለምልከታ ሲገቡ ተከትያቸው ገባሁ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው የአንዱን ልጅ ደብተር ገለጡ፤ ገጹ በሙሉ የቀይ እስክሪብቶ እርማት ነው፣ ሁሉም ልክ።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደምርልኝ» አሉት በሹክሹክታ።

ልጁ ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሮ ሁለት አምስተኛ ብሎ ጻፈላቸው።

«መምህር፣ ይሄ ልጅ ስንት አለው?» ሲሉኝ ማርክ ሊስቱን አየሁ። ከአሥር ስምንት። ሴትዮዋ ቅጻቸውን ወደ ፊትም ወደ ኋላም አገላበጡ፤ ይህን የሚጽፉበት ቦታ አላገኙም መሰለኝ፣ መልሰው ዘጉት። ደረጃ 3 ወጣን። ርዕሰ መምህሩ ለስላሳ ጋበዙ።

ጥር 2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ ብርሃኑ ነጋ የ12ኛ ክፍልን ውጤት ሲያሳውቁ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ናቸው አሉ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። ቡልጋሪያ ሻይ ቤት ውስጥ «ፈተናው ከብዶ ነው» የሚል በዛ። እኔ አልመሰለኝም፤ ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሰጥ መኮራረጁ ቀረ እንጂ። ይሁንና ይህም ፈተና ቢሆን ስንቱ እንደወደቀ ነገረን እንጂ እያንዳንዱ ልጅ የቱ ጋ እንደተሰናከለ አልነገረንም፤ ከ12 ዓመት በኋላ ቢነግረንስ ምን ይፈይዳል?

አንዲት ጎረቤቴ ተጠግታ «ጋሼ፣ የኔ ልጅ ትምህርት ቤት እንኳ ባለ ደረጃ 3 ነው፤ አይደል?» አለችኝ።

«እስቲ ደብተሩን ይዘሽልኝ ነይ» አልኳት።

ቅዳሜ ከነልጁ መጣች። ከክፍልፋይ ጀመርን።