መንገድ ጠራጊውን ማን ፎከረለት?

ና እስቲ ወዳጄ፣ ጠጋ በል። አቦሉን በወሬ ጨረስነው፤ ቶናውን እንኳ ረጋ ብለን እንጠጣው። የጉና ገብስ ቆሎ አለልህ፣ ዝገን። እዚህ ወገዳ ቡና ያለ ቆሎ፣ ቆሎም ያለ ጨዋታ አይጥምም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሠርግ ቤት ፎካሪ ሲነሣ ማንን ያወሳል? ተኳሹን፣ አነጣጥሮ የማይስተውን። ደግ ነው፣ ይገባዋል። ግን ገደል ስለናደ፣ ድልድይ ስለዘረጋ፣ ፈንጂ ስላመከነ ሰው የተፎከረ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አልሰማሁም። የጦር መሐንዲስ ነገር እንዲህ ነው፤ ተኳሹ ከመድረሱ በፊት ቀድሞ ይሠራል፣ ሠራዊቱ ሲያልፍ ዳር ይቆማል። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይላል ያገሬ ሰው።

አገራችን ለዚህ ሙያ ባዳ እንዳይመስልህ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 መጀመሪያ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲነሡ ምን ይዘው ነበር? ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን፤ ወደ ሰባት ሺህ ኪሎ የሚጠጋ መድፍ! እስቲ አስበው፤ ይህ ብረት በበቅሎ አይጫን፣ በሰው ትከሻ አይነሣ። በሠረገላ እንዳይጎተት መንገድ የለም። ታዲያ ምን አደረጉ? መንገዱን እየሠሩ ሄዱ። በጋይንት በኩል አልፈው፣ ቤተ ሖርን ይዘው፣ የጅጣን ገደል ወርደው ወጥተው፣ በሽሎን ተሻግረው። ዐለቱ በባሩድ ይፈነዳል፣ ድንጋዩ በእጅ ይለቀማል፤ ንጉሡ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ድንጋይ ያነሡ ነበር። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው፤ ስድስት ወር ገደማ መሆኑ ነው።

የሚገርመኝን ልንገርህ? ብዙም ሳይቆይ የእንግሊዝ ጦር ሊወጋቸው መጣና ጅጣን የተሻገረው ንጉሡ ባስጠረጉት በዚያው መንገድ ነው። መንገድ ወዳጅና ጠላት አይለይማ! ግን ደግሞ እነዚያ በሠለጠነ መሣሪያ የመጡ ሰዎች ሥራውን አይተው አድንቀዋል። ታዲያ መድፉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አምሳያው አዲስ አበባ አደባባይ ላይ ቆሟል። ያን ገደል የቆፈሩትን፣ ጠፍር የጎተቱትን ሰዎችስ? አንዱን በስም ጥራልኝ ብትባል ትጠራለህ? እኔም አልጠራም። ዛሬ ከወረታ ወልድያ በሚዘልቀው፣ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ተሳፍረህ ከደብረ ታቦር ተነሥተህ ንፋስ መውጫ ምሳህን ስትበላ፣ አያቶችህ ያንን ዳገት በእጃቸው እንደቧጠጡት አስታውስ።

ቡናህ እንዳይቀዘቅዝ፣ ፉት በል እንጂ።

የፈንጂው ሥራ ደግሞ ከመንገዱም ይከፋል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ለማን እንደተተረተ ባላውቅም፣ ለፈንጂ አምካኝ ግን ልክክ ይላል። ጦርነት ሲያበቃ ሌላው ወታደር ጠመንጃውን ያስቀምጣል። የመሐንዲሱ ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነው። ገበሬው እንዲያርስ፣ እረኛው ከብቱን እንዲነዳ፣ እርሱ በሆዱ ተኝቶ አፈሩን በጣቱ ይዳብሳል። የተሳካለት ቀን ምንም አይሰማም፤ ፍንዳታ የለ፣ ጭስ የለ። ዝምታ ነው ድሉ። ለዝምታ ደግሞ ማን ይፎክራል?

ባላገሩ ግን ወታደሩን ጨርሶ አልረሳም። የደርግ ሠራዊት በ1983 ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ወደየቀዬው ገባ። ወደ ጋይንትም፣ ወደ ስማዳም፣ ወደ እስቴም። ልብ ብለህ ከሆነ፣ ሰፈርተኛው እስከ ዛሬ በስማቸው አይጠራቸውም፤ «አሥር አለቃ»፣ «ሃምሳ አለቃ»፣ «ሻምበል» ነው የሚላቸው። ሠራዊቱ ፈርሶ ማዕረጉ ሰው አፍ ላይ ቀረ። እኔ ይህን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። መንግሥት ሲለዋወጥ ባላገሩ ማዕረጋቸውን አልገፈፈም፤ አክብሮ አቆየው።

የወታደርን ውለታ ወታደር ሲያስታውስ ደግሞ እንዴት ደስ ይላል! የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ኮሪያ መዝመቱን ታውቃለህ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ አንድም ሰው ግን አልተማረከባቸውም። በዚያ ላይ ወላጅ ላጡ የኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ከራሳቸው ደመወዝ ቆርሰው አበሉ። አገራቸው ከተመለሱ በኋላስ? ውሎ አድሮ ዘመኑ ተገለበጠና የደርግ ወዳጅነት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሆነ፤ ለደቡብ የዘመቱት ውለታቸው የሚነሣ አልሆነም። ኋላ ግን ተሰብስበው ማኅበር ሠሩ። በወጣትነታቸው በመኰንንነት የዘመቱት ኮሎኔል መለሰ ተሰማ ማኅበሩን ለብዙ ዓመታት መርተዋል፤ ለደከሙት ባልንጀሮቻቸው ደጅ ጠንተዋል፣ ስማቸው እንዳይረሳ ተናግረዋል። ይህ ከጠመንጃው ቀጥሎ ያለ ሁለተኛ ዘመቻ ነው። ከመጀመሪያው ይቀላል የሚል ካለ አረጋዊ ጓደኛውን ሐኪም ቤት አድርሶ አያውቅም።

በረካው ደረሰ፣ ስኒህን አቀብለኝ። እንግዲህ ምን እናድርግ ትለኝ ይሆናል። ሐውልት አንተና እኔ አናቆምም። ግን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባል የለ? ሰፈርህ ውስጥ አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ ወታደር ቢኖር፣ ለቀብሩ ከመሰለፍህ በፊት ለቡና ጥራው። የትኛውን ድልድይ እንደዘረጋ፣ የትኛውን መስክ እንደጠረገ፣ አብሮት ማን እንደነበረና ማን እንደቀረ ጠይቀው። ልጅህ ደብተር ይዞ አጠገቡ ይቀመጥና የሚለውን ይጻፍ፣ ከነቀኑ፣ ከነቦታው፣ ከነስሙ። የጅጣን ገደል የቆፈሩትን ስም የሚጽፍ ልጅ አጠገባቸው አልነበረም። አንተ ግን አለህ፣ ሰውየውም ገና በሕይወት አለ። ለነገ አትበለው።