በጭሮ ገበያ ያገኘሁት ሽማግሌ ፈረስ

ከአዲስ አበባ ተነሥተህ ወደ ሐረር ስትጓዝ የአዋሽን ሜዳ አቋርጠህ ሚኤሶን ካለፍህ በኋላ መንገዱ የጨርጨርን ተራራ መውጣት ይጀምራል። ሙቀቱ ይበርዳል፤ ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይም ጭሮን ታገኛታለህ። ሽማግሌዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። የቆረቆሯት የጨርጨር ገዢ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐወርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ አውሬዎችን በመድረክ ያናገረውን «ፋቡላ» የደረሱትም እኒሁ ሰው መሆናቸውን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይደነቃሉ።

ነገር ግን ዛሬ የማጫውትህ ስለ አንድ ዳማ ፈረስ ነው። በገበያ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ አዛውንት ማሽላ ያመጡበትን ፈረስ ከግንድ አስረው ቆመዋል። ከዐይኖቹ በላይ ያለው ሥፍራ ጎድጉዷል፤ የታችኛው ከንፈሩ ተንጠልጥሏል፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል።

«አባባ፣ ታሟል እንዴ?» አልኋቸው።

«አርጅቷል አቦ! መኖ ያነሣል፤ ሆዱ ግን አይሞላም። ከእንግዲህ እለቀዋለሁ» አሉኝ።

«እለቀዋለሁ» ማለት ምን እንደ ሆነ ታውቃለህ። የፈረስ ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ ያረጀው ከመንገድ ዳር ይተዋል፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። የሐረርጌውን ገዢ ራስ መኮንንን በፈረሳቸው ስም «አባ ቃኘው» ብለን የምንጠራ ሰዎች ይህን ስናደርግ እኔን ያሳፍረኛል።

ከፈረሱ እግር ሥር ታኝኮ ያልተዋጠ የሣር ጉብ ወድቆ አየሁ። ከአዛውንቱ ጋር ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ሄድን፤ እርሱም የፈረሱን ምላስ ወደ ጎን ይዞ አፉን አሳየን። የፈረስ ጥርስ እንደ እኛ አንዴ በቅሎ አይቆምም፤ በየዓመቱ ከድዱ ጥቂት ሚሊሜትር እየወጣ በመኖው ይፋቃል። እኩል ካልተፋቀ የላይኛው መንጋጋ የውጭ ጠርዝ ጉንጩን፣ የታችኛው የውስጥ ጠርዝ ደግሞ ምላሱን እንደ ቢላዋ ይቆርጣል። እንስሳው እየራበው ማኘክ ያመዋል፤ እኛም እርጅና ነው እንላለን። ባለሙያው ረጅም እጀታ ባለው ሞረድ ጠርዙን አስተካከለ።

«ደረቅ የማሽላ አገዳ ይቅርበት» አለ፤ «ፉርሽካ በውሃ አርሰው ይስጡት።» ፈረስ ማስመለስ አይችልምና፣ በደንብ ያልታኘከ ደረቅ መኖ አንጀቱን ዘግቶ በሆድ ቁርጠት ሊገድለው ይችላል። ውሃም በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይፈልጋል።

በሞረድ የማይድን ሌላ በሽታ አለ፤ በገጣባና በቁስል በኩል የሚገባ ፈንገስ ነው። በእግርና በአንገት ቆዳ ሥር እንደ መቁጠሪያ የተሰካካ እባጭ ያወጣል፤ እባጩም ይፈርጣል። በ2006 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የታተመ ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች 19 ሺህ ያህል የጋሪ ፈረሶች ተመርምረው ከመቶ 18.8ቱ በዚህ በሽታ መያዛቸውን ገልጿል፤ የሚበዛውም ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባለው ሞቃትና እርጥብ አገር ነው። የጭሮም ከፍታ በዚሁ ውስጥ ነው። ስለዚህ የአንዱን ፈረስ ኮርቻና መጥረጊያ ጨርቅ ለሌላው አታውስ። የሚያጠራጥር እባጭ ካየህ ከጭሮ በስተ ምሥራቅ ሂርና ላይ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ አለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አዛውንቱን አገኘኋቸው። ማሽላውን በአህያ ጭነው ፈረሱን ባዶውን ይመሩታል። ጎኑ ገና አልሞላም።

«ታዲያ ለምን አመጡት?» ብላቸው፣

«ፉርሽካውን ራሱ ይምረጥ ብዬ ነዋ!» ብለው ሳቁ።