ኬኩን ያጠቆርኩት እኔ ነበርኩ

የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ሥራዋ ሌላ ከተማ ስለሆነ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ቤታችን አርባ ምንጭ ሲቀላ በኩል፣ ከኩልፎ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። ግቢያችን ውስጥ አንድ ማንጎ አለ። ባለፈው ክረምት ከሥሩ የማይጠፉ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ እሷና ጓደኛዋ። የጓደኛዋ ቤተሰቦች ከዶርዜ ወርደው ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የተከራዩ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በፊልም ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው አጎቷ አንድ የጃፓን የካርቱን ፊልም ከነተከታታዩ በፍላሽ ጭኖ አመጣላት። ‹ፕሪኪዩር› የሚባለው ተከታታይ ከ2004 ጀምሮ በጃፓን ሲታይ የኖረ ነው፤ ተራ የሚመስሉ ልጃገረዶች ኃይል አግኝተው ክፉን ይዋጋሉ። የ2017ቱ ታሪክ ደግሞ ስለ ኬክ ነው። ልጆቹ የኬክ ቤት አላቸው። እያንዳንዷ የአንድ እንስሳና የአንድ ጣፋጭ ነገር ኃይል አላት። ኢቺካ የምትባለው ዋናዋ ልጅ ጥንቸልና ባለ እንጆሪ ኬክ ናት። በዚያው ዓመት በወጣው ፊልም ወደ ፓሪስ ይሄዳሉ፤ ስሙም ላይ ያለው ‹ሚል ፎይ› የተባለው ኬክ ነው። በፈረንሳይኛ ሺህ ቅጠል ማለት ነው። በእኛ አገር ኬክ ቤቶችም መስታወት ውስጥ ተደርድሮ የምናየው፣ እንደ ወረቀት የተነባበረ፣ በመሐሉ ክሬም ያለው ኬክ ነው።

ንግግሩ ባይገባቸውም ሁለቱ ልጆች ደጋግመው አዩት። አጎትየው እየተረጎመ ያስረዳቸዋል። እኔ ከማዶ ሆኜ ቡናዬን እየቆላሁ “ይሄ የፈረንጅ ተረት ምን ይረባችኋል” እላለሁ እንጂ አንድ ቀን እንኳ አብሬያቸው ተቀምጬ አላየሁም።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ወጥ ቤቴ ሌላ ቤት መስሎ ጠበቀኝ። ዱቄቱ መሬት ላይ ተበትኗል፤ እንቁላሎቹ ተሰብረዋል። ለበዓል ብዬ ያስቀመጥኩት ለጋ ቅቤ ቀልጦ በሊጡ ጠርዝ ይንጠባጠባል። ሁለቱም ፊታቸው በዱቄት ነጭ ሆኖ እየሳቁ ነበር። “እማማ፣ ሺህ ቅጠል እየሠራን ነው!” አለችኝ የልጅ ልጄ።

ያን ጊዜ ያልኩትን ዛሬም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። የራሴን ልጅ ትቼ ወደ ጓደኛዋ ዞርኩና “አንቺ ቤትሽ የለሽም? እዚህ እየመጣሽ የሰው ቅቤ የምታባክኚው በቤታችሁ ስለሌለ ነው?” አልኳት። ልጅቷ አላለቀሰችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ጫማዋን አነሳችና ወጣች።

በማግስቱ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀንም አልመጣችም። የልጅ ልጄ ማንጎው ሥር ብቻዋን ትቀመጣለች። ስጠራት ትመጣለች፤ የሰጠኋትን ትበላለች፤ አታናግረኝም። በአራተኛው ቀን ጸጉሯን እየሠራሁላት “አኩርፈሽኝ ነው?” ብዬ ጠየቅኳት።

“ፊልሙ ላይ ኬክ ውስጥ የሚያበራ ነገር አለ፤ ኪራኪራሩ ይባላል” አለችኝ። “የሠራው ሰው ልብ ነው። ክፉዎቹ መጥተው ሲሰርቁት ኬኩ ይጠቁራል።” ትንሽ ዝም አለችና “የእኛን ያጠቆርሽው አንቺ ነሽ” አለች።

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። የሰባ ዓመት ሰው ነኝ፤ ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮኝ የሚያውቅ ልጅ ግን የለም። መቆጣት ፈለግሁ፤ የምቆጣበት ምክንያት አጣሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ዘመን አልነበረም። ታላቅ ቢያጠፋ ዝም ይባልለታል፤ ነገሩ በጊዜው ይረሳል። ኋላ ግን በመስከረም 2011 ዓ.ም. በዚችው በአርባ ምንጭ የሆነውን አስታወስኩ። ወጣቱ በቁጣ ሊወጣ ሲል የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። አገር ምድሩ በአድናቆት ያየው ነገር ነው። እኔም ለሰው ሁሉ በኩራት ስናገር ኖሬያለሁ። እነዚያ ሽማግሌዎች ምንም ሳያጠፉ ለልጆቻቸው ከተንበረከኩ፣ እኔ አጥፍቼ ለአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንድ ቃል መናገር ለምን ከበደኝ?

ጠዋት ተነስቼ ሄድኩ። እናቷ ደጃፉ ላይ ቆጮ እየጋገረች ነበር። ስታየኝ ብድግ ብላ “ይግቡ እማማ” አለችኝ። ልጅቷ ከኋላዋ ተሸጎጠች። እንዳልቀመጥ ለመኑኝ፣ አልቀመጥም ብዬ አይደለም፤ መጀመሪያ ማለት ያለብኝን ልበል ብዬ ነው። “ልጄ፣ ያን ቀን የተናገርኩሽ ነውር ነው። ቅቤው ይተካል፤ አንቺ አትተኪም። ይቅር በይኝ” አልኳት። ልጅቷ እናቷን አየች። እናቷ ነገሩን አታውቅም ነበር፤ ልጅቷ አልነገረቻትም። ይህ ከሁሉ በላይ ልቤን ነካው።

ኋላ ተቀምጠን ስለ ሊጡ አወራን። የልጅ ልጄ ከአጎቷ እንደሰማችው፣ ያ ኬክ ሊጥ በቅቤ ላይ እየታጠፈ፣ እየተዳመጠ፣ ቀዝቃዛ ቦታ እያረፈ የሚሠራ ነው። ሦስት እጥፍ አድርጎ ስድስት ጊዜ ማጠፍ ብቻ ከ700 በላይ ንብርብር ይሰጣል። ምድጃ ሲገባ ቅቤው ውስጥ ያለው ውኃ ተንኖ ቅጠሉን ከቅጠሉ ይለያየዋል። ቅቤው ከቀለጠ ግን ሊጡ ውስጥ ይሰርግና ንብርብሩ ይጠፋል። እናትየው ሳቀች። “ታዲያ በአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት ይሆናል? ዶርዜ ቢሆን ኖሮ እኮ ቅቤው ድንጋይ ነው!” አለች። ለካ ልጆቹ አጥፍተው አልነበረም። ያሸነፋቸው የቆላው ሙቀት ነው።

በዚያ ጠዋት ስስ አድርጋ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ የጋገረችውን ቆጮ ልጆቹ ቆራርጠው ነባበሩት። በየመሐሉ ማር ቀቡት። ሺህ ቅጠል አልነበረም፤ አምስት ነበር። የልጅ ልጄ አንዱን አንስታ ሰጠችኝ፤ “ያበራል?” ብዬ ጠየቅኳት። “ትንሽ” አለችኝ።

ወላጆችና አያቶች፣ ልጆቻችን የሚያዩትን ከማዶ ሆነን አንዳኮስስ። አንዳንዱ በእርግጥ አይረባም፤ የሚረባውን ለመለየት ግን አብሮ መቀመጥ ያስፈልጋል። ለልጆች ፊልም የሚሠራ ሰው በአገራችንም አለ። ‹ፀሐይ መማር ትወዳለች›ን የሠሩት ሰዎች ፍቅር፣ ፍትሕና ትዕግሥት የሚባሉ ሦስት ልዩ ኃይል ያላቸው ልጃገረዶችን በ‹ጥበብ ገርልስ› አሳይተውናል፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰሉ ጎጂ ልማዶችን ይታገላሉ። አሁን እነርሱንም የጃፓኖቹንም ሦስታችን አንድ ላይ እናያለን። እኔ መሐል እቀመጣለሁ። ግማሹ አይገባኝም፤ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ያስረዱኛል።

ቅቤውን ደግሞ ገዝቼ ተክቻለሁ። ለመስቀል ጓደኛዋ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ዶርዜ ስትወጣ የልጅ ልጄም አብራት ትሄዳለች። ዱቄትና መዳመጫ ይዘው ነው የሚሄዱት።