ቁልፉን ተቀበሉት

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላልጠጣ ሾፌር እንኳ ያስፈራል።

ነርስ ነኝ። አንድ ሌሊት ተረኛ ሳለሁ ጠጥቶ ሲነዳ የነበረ ሾፌርና የገጨው ልጅ አብረው መጡ። የልጁን እግር በጣውላ ደግፌ አስሬ ወደ ሾፌሩ ዞርኩ፤ አፉ መጠጥ መጠጥ ይሸታል። እናቲቱ ከደጅ «ያ ረብ!» ትላለች። እጄ አመነታ። ነርስ ግን በሽተኛ አይመርጥም፤ ቁስሉን አጥቤ ሰፋሁለት።

እስካሁን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አብረውት የመጡት ሰዎች እየተንገዳገደ መኪና ውስጥ ሲገባ አይተው ዝም ማለታቸውን ነገሩኝ።

አስካሪ መጠጥ በአል-ማኢዳህ ምዕራፍ፣ አንቀጽ 90 ተከልክሎብናል። «እኛ አንጠጣም» ማለት ብቻ ግን አያድነንም፤ መንገዱ የሁላችን ነው። የሰከረ ሾፌር ካያችሁ ቁልፉን ተቀበሉት። ቢቆጣም ይቆጣ፤ ሲነጋ ይመርቃችኋል።