በዕንጨት ላይ የሚኖረው አበባ በአሶሳ ቤት

የቤት ጌጥ ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ምንጣፍንና መጋረጃን ነው። ነገር ግን ሕይወት ያለውን ነገር በቤት አሳድጎ ማስዋብ ከጌጥነቱ በላይ ትዕግሥትን ያስተምራልና፣ የቤት እመቤቶችም አባወራዎችም ሊያስቡበት የሚገባ ነው። ዛሬ ለክቡራን አንባብያን የማወጋው ኦርኪድ ስለሚባለው አበባ፣ ያውም አፈር ሳይፈልግ በዕንጨት ላይ ተጣብቆ ስለሚኖረው ዐይነት ነው።

ኦርኪድ ሲባል የባዕድ አገር አበባ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ዳሩ ግን በአገራችን ከ160 የሚበልጡ ዐይነቶች ይገኛሉ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ አገር ሊቃውንት ጋራ ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ኦርኪዶች የጻፉት መጽሐፍ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. ታትሟል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከምድር የሚበቅሉ ሲሆኑ ሌሎቹ በዛፍ ላይ ይኖራሉ። ሕዝባችን በዛፍ ላይ የሚያድገውን ሁሉ ተቀጽላ ብሎ ስለሚጠራው፣ ዛፉን የሚመጥ እየመሰለው ቈርጦ የሚጥለው ብዙ ነው። እውነተኛው መጣጭ ሥሩን ወደ ዛፉ ሥጋ ይሰዳል፤ ኦርኪድ ግን በቅርፊቱ ላይ ተቀመጠ እንጂ ከዛፉ አንዳች አይወስድም። ውሃውን ከዝናምና ከጤዛ፣ ምግቡንም በቅርፊቱ ላይ ከሚከማቸው ብስባሽና ትቢያ ያገኛል።

ወደ ቤታችን የገባችው ተክል በሳይንስ ስሟ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ትባላለች። ከስድስት ዓመት በፊት አባቴ ሲያርፉ፣ እናቴ ከጅማ አገር የቡና እርሻቸውን ለወንድሜ ትተው ከእኔ ዘንድ ለመኖር ወደ አሶሳ መጡ። ያን ጊዜ ነፋስ ከጣለው የዋንዛ ቅርንጫፍ ላይ ያገኟትን ይህችን ተክል በደረቅ ኮባ ጠቅልለው ይዘዋት ነበር። እናቴ የዐይናቸው ብርሃን የደከመ ነውና ሰፈሩን ለመልመድ ተቸገሩ፤ ጎረቤት አያውቁም፤ ምግብም እምብዛም አይቀምሱም ነበር። አንድ ቀን ተክሏን በጣታቸው እየዳሰሱ «ልጄ፣ ይህች በዚህ አገር ሙቀት ከኖረች እኔም እኖራለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የተክሏ ነገር ለእኔ የጌጥ ነገር መሆኑ ቀረ።

ይህ የኦርኪድ ዐይነት በተፈጥሮው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ድረስ ባለው ጥላማ ደን ይኖራል። አሶሳ ያለችው በ1,570 ሜትር ግድም ነውና ለተክሏ የኑሮዋ ዳርቻ ናት ማለት ይቻላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቅርፊቱ ያልተላጠ ጠንካራ የዋንዛ ቁራጭ መርጠን፣ ሥሮቿን በላዩ ዘርግተን፣ ሳናጠብቅ በጥጥ ፈትል አሰርናት። ሥሩ ነፋስ ሊያገኝ ይገባዋልና አፈር አላለበስነውም። ውሃ በእምብርቷ ተኝቶ እንዳያበሰብሳት ቅጠሏን ወደ ታች አዘንብለን፣ የጧት ፀሓይ ብቻ በምታገኝበት በምሥራቁ በረንዳ፣ በማንጎው ጥላ ሥር ሰቀልናት።

ውሃ የማጠጣቱን ልክ የሚናገረው ሥሩ ራሱ ነው። የኦርኪድ ሥር ውሃ የሚመጥ ነጭ ልባስ አለው። ሲደርቅ እንደ ብር ይነጣል፤ ውሃ ሲጠግብ ግን ውስጡ እየታየ አረንጓዴ ይሆናል። ነጭ ሆኖ ሲታይ ማጠጣት፣ አረንጓዴ ሳለ መተው ነው። በአሶሳ ዝናሙ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚበረታ በዚያ ወራት ነፋስ እንዲያገኛት ከማድረግ በቀር ሥራው ጥቂት ነው። ፈተናው የበጋው ሐሩር፣ ይልቁንም የየካቲትና የመጋቢት ነው። በነዚያ ወራት በየማለዳው እናጠጣታለን፤ ከበስተኋላዋ እርጥብ ጆንያ እንሰቅላለን፤ ከሥሯም ውሃ የሞላ ሰፊ የሸክላ ዕቃ እናኖራለን፤ አየሩ እንዲርስ ነው።

በመጀመሪያው በጋ ሁለት ቅጠል ረገፈባት። አንድ ጎረቤታችን አዝነው በፍግና በአፈር እንድንተክላት መከሩን። እናቴ ግን ሥሩን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው «የሞተ ሥር ባዶ ነው፤ ይህ ጠንካራ ነው፤ አትንኳት» አሉ። እንዳሉትም ዝናሙ በጀመረ በአንድ ወር ውስጥ የሥሮቿ ጫፍ ለመለመና አዲስ ሥር በዕንጨቱ ላይ ተጣበቀ።

ያበበችው በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ቡቃያውን ቀን ቀን አይተነው ነበር፤ መከፈቱን ግን ያስታወቁን እናቴ ናቸው። ማታ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ተቀምጠን ሳለን «ማን ነው ሽቶ የተቀባ?» ብለው ጠየቁ። ወጥተን ብናይ አምስት ነጫጭ አበቦች እንደ ኮከብ ተዘርግተዋል። ከእያንዳንዳቸውም ኋላ ከስንዝር ብዙ የማያንስ ቀጭን ቱቦ ወርዷል። በማግሥቱ ማታ እናቴ ቡና አስፈልተው ጎረቤቶችን አስጠሩ፤ መጥተውም አሸተቱ። ዛሬም ጅማን ይናፍቃሉ፤ ነገር ግን ለቡናቸው ጠሪና ተጠሪ አላቸው።

መዓዛው በማታ የሚበረታበት ምክንያት አለው። የአበባው ማር በረዥሙ ቱቦ ጫፍ ስለሆነ ሊደርስበት የሚችለው ረዥም ምላስ ያለው የእሳት እራት ነው፤ እርሱም በጨለማ ይበራል። ዝነኛው የእንግሊዝ ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1862 ዓ.ም. የማዳጋስካርን ዘመድ አበባ፣ ቱቦው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመውን አይቶ፣ ምላሱ ያን ያህል የሆነ የእሳት እራት መኖር አለበት ብሎ ነበር። እንዳለውም ያ ፍጥረት በ1903 ዓ.ም. ስም ተሰጥቶት ታወቀ።

በመጨረሻ አንድ ምክር አለኝ። የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀና ስንቅ የሌለው ነው። በዱር የሚበቅለው የሚመግበው ረቂቅ ሻጋታ ሲያገኝ ብቻ ስለሆነ፣ ከደን የተነቀለው በቶሎ አይተካም። ኢትዮጵያም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. በገባችበት የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ውል መሠረት፣ ኦርኪድን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። እንግዲህ በቤቱ ሊያሳድግ የሚወድ ሰው ከቆመ ዛፍ አይንቀል፤ ነፋስ ከጣለው ቅርንጫፍ ላይ ሊሞት የቀረበውን ያንሣ። ከዚያም ሥሩን በየማለዳው ይመልከት፤ ለአበባው አይቸኩል።