አረፋው አይተላለፍም

ዛሬ የማወጋችሁ ስለሚጥል በሽታ ነው። በማስተምርበት የመሠረተ ትምህርት ክፍል ይህን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ የለም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ ነገር» ይሉታል። ስሙን መጥራት በሽታውን ይጠራዋል ብለው የሚፈሩም አሉ። እኛ ግን ፊደል ቆጥረናልና እንጻፈው፦ የ—ሚ—ጥ—ል በ—ሽ—ታ። ይኸው ተጻፈ፤ ማንንም አልያዘም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በዩኒቨርሲቲ የምማረውም ሌላ ነው። ግን አንብቤአለሁ፤ የጤና ጣቢያችንንም ነርስ ጠይቄአለሁ። በሽታው የአንጎል ነው። አንጎላችን የሚሠራው በጣም ትንሽ በሆነ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ይህ ኃይል አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያልፋል። ያን ጊዜ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ይንቀጠቀጣል። ሁሉም አይወድቅም። ለጥቂት ሴኮንድ ዓይኑን አፍጥጦ ዝም የሚል ልጅም አለ፤ እኛ «ፈዛዛ» እያልን እንቆጣዋለን።

መነሻው ብዙ ነው። ሲወለድ አየር ያጠረው ሕፃን፣ ጭንቅላቱን ክፉኛ የተመታ ሰው፣ ማጅራት ገትር የያዘው ወይም ወባ ጭንቅላቱ ላይ የወጣበት ልጅ ኋላ ሊጥለው ይችላል። በዘር የሚመጣም አለ። ከሕሙማኑ በግማሽ ያህሉ ግን ሐኪሞችም ምክንያቱን አያገኙትም።

ከበሽታው ይልቅ የሚከፋው የአረፋው ፍርሃት ነው። በቅርቡ አንዲት ወጣት ተማሪዬ ፊደል እያነበበች ሳለ ወደቀች። ክፍሉ ወዲያው ባዶ ሆነ። አንዱ ክብሪት ጭሮ ከሩቅ እጁን ዘረጋ። ከእኔ ጋር የቀሩት አንዲት እናት ብቻ ነበሩ። ነጠላቸውን አጥፈው ከራሷ ሥር አደረጉላት፤ በጎኗ አስተኛናት። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ለቀቃት።

«ልጄ፣ እኅቴ ምድጃ ላይ ስትወድቅ ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር» አሉኝ። «አረፋዋን ፈርተው ቆመው አዩዋት።» የእኅታቸው እጅ እስከ ዛሬ እንደተጨበጠ ነው።

አረፋው እኮ ምራቅ ነው! የወደቀ ሰው መዋጥ አይችልም፤ ምራቁ ከትንፋሹ ጋር እየተመታ አረፋ ይሆናል። ምላሱን ከነከሰ ደም ይቀላቀልበታል። ቢነካችሁ በሽታው አይዛችሁም።

ሰው ሲወድቅ እሳትና ድንጋይ ከአጠገቡ አርቁ። በጎኑ አስተኙት፤ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ልብስ አላሉለት። አጥብቃችሁ አትያዙት። በአፉ ማንኪያም፣ እንጨትም፣ ውሃም አታስገቡ። ክብሪቱም ይቅር፤ ጭስ አያድንም። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ተሸክማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ይህ የጥቂት ቤት ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት ቡታጅራ አካባቢ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 የሚጥላቸው አግኝቷል። ከሁለት መቶ ሰው አንድ ያህል ማለት ነው። በገበያ ቀን ስንቱን አልፈን እንደምንሄድ አስቡት።

መድኃኒትም አለው። ፌኖባርቢታል የሚባለው ክኒን ርካሽ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ተሠርቶበታል። በደንብ ከታከሙ ከ10 ሰዎች 7ቱ ሳይጥላቸው መኖር እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ግን ሳይዛነፍ በየቀኑ መዋጥ አለበት። «ተሻለኝ» ብሎ በድንገት ማቆም ሕመሙን አብሶ ይመልሰዋል፤ ሊገድልም ይችላል። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ክኒኑን ግን ይዞ ይሂድ። ያረገዘች ሴትም ሐኪም ሳትጠይቅ አታቋርጥ።

ተማሪዬ ክኒኗን ጀምራለች። በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ቀኖቹን ራሷ አስምራለች። የዋጠችበትን ቀን «ዋ»፣ የጣላትን ቀን «ጣ» ብላ ትጽፋለች። የጣላትን እሷ አታውቀውም፤ ያየ ሰው ነው የሚነግራት። በባለፈው ወር ገጽ ላይ ያለው «ጣ» አንድ ብቻ ነው። አግዳሚው ላይ ከጎኗ የሚቀመጡት ግን እስካሁን እኒያ እናት ብቻ ናቸው።